የዳለቻ ጆሮ

ለጨፋ ሸለቆ ነዋሪዎች፣ ለከሚሴ ከተማና ለአካባቢዋ ሕዝብ፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከተው ሁሉ፦ በ2010 ዓ.ም. በወርሃ ሰኔ፣ ዒድ ባለፈ ሰሞን፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ አንድ በሬ ማሽላ በላ።

የበሬው ስም ዳለቻ ነው፤ መልኩ አመድማ ስለነበር። ባለቤቱ ሙሀመድኑር ይባላል። ማሽላው የጎረቤቱ የአንዋር ነው። ገና ከጉልበት ያላለፈ፣ ዝናብ ተቋርጦበት የጠወለገ ቡቃያ ነበር። እንዲህ ያለ ቡቃያ ለከብት መርዝ እንደሆነ በጨፋ ትልቅም ትንሽም ያውቃል። ያላወቀው ዳለቻ ብቻ ነው። ጥቂት ጎረሰ፣ ተንገዳገደ፣ ወደቀ። ሙሀመድኑር ቢላዋ ይዞ እየሮጠ ደረሰ፤ ግን ቢስሚላህ ሳይባልበት ነፍሱ ወጣች። ስለዚህ ሥጋውም ለሰው አልሆነም። የተረፈው ቆዳው ነው።

ሙሀመድኑር «ማሽላህ በሬዬን ገደለው» አለ።

አንዋር «በሬህ ማሽላዬን በላው» አለ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ጠቡ የጸናውም በዚህ ምክንያት ነው። አንደኛው ዋሽቶ ቢሆን ሽማግሌዎች በአንድ ከሰዓት ይጨርሱት ነበር። ሁለት እውነት ግን ማን ያስታርቃል? ሸህ ጀይሉ፣ የመንደራችን ሽማግሌ፣ ሁለቱንም አስቀምጦ ቢያደምጥ ቢያደምጥ ሁለቱም ልክ ሆኑበት፤ መጨረሻ ላይ ራሱን አመመውና ሄዶ ተኛ።

ጠቡ በሌላ ወር ቢሆን እንደሌላው ጠብ ሁሉ ይቆይ ነበር። ግን ሐምሌ መጣ፤ ሐምሌ ጤፍ ይዘራል። ሞፈር የሚጎትተው ጥማድ ነው፣ ጥማድ ማለት ደግሞ ሁለት በሬ ነው። ለሙሀመድኑር ቡሬ የሚባለው ዝንጉርጉሩ ብቻ ቀርቶታል። አንዋርም ባለፈው ጥር ልጁን ሙናን ሲድር አንዱን በሬ ሰንበቴ ገበያ ወስዶ ሸጦ፣ ጉራቻ የሚባለው ጥቁሩ ብቻ ቀርቶታል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው ዛሬ ያንተን ነገ የኔን እያሉ የሚያርሱበት መላ ከጥንት ጀምሮ አለን፤ መቀናጆ እንለዋለን። የሁለቱ ሰዎች ቤት አጥር ለአጥር ነው። መሬታቸው ድንበር ለድንበር ነው። የጎደለው መነጋገር ብቻ ነበር።

በሬዎቹም ቢሆኑ ነገሩን አልደበቁትም። የሚያርስ በሬ ከጥጃነቱ ጀምሮ በአንድ ጎን ይለመዳል፤ የቀኝ በሬ የቀኝ ነው፣ የግራ በሬ የግራ ነው። ቡሬ የቀኝ ነው። ዳለቻ ከሞተ በኋላም ቦርከና ወንዝ ወርዶ ውሃ ሲጠጣ በግራው አንድ በሬ የሚያህል ቦታ ትቶ ይቆማል። ጉራቻ ደግሞ የግራ ነው፤ በቀኙ ትቶ ይቆማል። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ እያንዳንዱ ባዶ ቦታውን ይዞ ይጠጣል። አምና ዳለቻ እግሩን አሞት ሳለ ሁለቱ ተጠምደው አርሰው ያውቃሉ፤ ያን ጊዜ ባለቤቶቻቸው ምሳ የሚበሉት ከአንድ ሳህን ነበር። ይህን ሁሉም ሰው ያያል። ማንም አይናገርም። ሰው የተኳረፈበትን ነገር ከብት ሲያፈርሰው ማየት ነውር ይመስላል።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት የሙሀመድኑር ስልክ፣ ማለት ራዲዮውም ባትሪውም እሱ የሆነው ስልኩ፣ አንድ ነገር ተናገረ። በውጭ አገር ሊቃውንት ከአንድ እንስሳ ገላ ትንሽ ቁራጭ ወስደው፣ ቁርጥ እሱን የመሰለ ሌላ እንስሳ ያስወልዳሉ አለ። በግ ተደርጓል፣ ላም ተደርጓል፣ ፈረስ ተደርጓል። ብዙ ጊዜም የሚወስዱት ከጆሮ ነው አለ።

ሙሀመድኑር ቀና ብሎ ደጅ ላይ የተወጠረውን የዳለቻን ቆዳ አየ። አንደኛው ጆሮ አብሮት ነበር።

ሚስቱ ሙሚና ኋላ እንደነገረችን፣ መጀመሪያ ጆሮውን በቢላዋ ቆረጠው። ቀጥሎ ከባቲ ገበያ ያመጣውን የአፋር ጨው ደህና አድርጎ አሸው። ጆሮው እስኪነጣ ድረስ አሸው። ከዚያ ደግሞ ፀሐይ ላይ አሰጣው።

«ምን ልታደርገው ነው?» አለችው።

«ዳለቻን ኮፒ ላስደርግ ነው።»

«የት? ከሚሴ ፎቶ ኮፒ ቤቱ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሳይንስ ነው!»

«ሳይንስ ከሆነማ» አለች፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የጆሮውን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ቢኖር አብዱሰላም ነው። አብዱሰላም ከከሚሴ በሞተር እየተመላለሰ ከብቶቻችንን የሚያክም ባለ ዲፕሎማ ልጅ ነው። እኛ ዶክተር እንለዋለን። በመጀመሪያው ዓመት «ዶክተር አይደለሁም» ይል ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ተወው። ያለፈው በጋ ስብሰባ ጠርቶ፣ ዘመናዊ የዝርያ ማሻሻያ ደጃችን ድረስ እንደሚመጣ አብስሮን ነበር። መጣም። የፈረንጅ ኮርማ ዘር በብረት በርሜል፣ ጢስ በሚያወጣ ቀዝቃዛ ነገር ውስጥ ተቀምጦ መጣ። መንገድ ላይ ግን ጢሱ አልቆ ነበርና ከተዳቀሉት ላሞች አንዷ ብቻ ወለደች። ጥጃዋ ቁርጥ የመንደራችንን ልጅ የጀሚልን ኮርማ ትመስላለች። ላሚቱ ለጥንቃቄ ተብሎ እዚያም ሄዳ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ በሪፖርት ግን የፈረንጅ ናት። ማንም አላነሳበትም፤ ደግ ልጅ ነው።

ሙሀመድኑር ጆሮውን በፌስታል ይዞ የከብት ጤና ኬላው ሲደርስ አብዱሰላም የዶሮ መድኃኒት እየደረደረ ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ ዶክተር?» ሲል በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠው።

«ነጋ፣ አልሀምዱሊላህ። ደህና አደሩ አያ ሙሀመድኑር? ምን ታመመብዎት?»

«በሬ።»

«ምን ይሰማዋል?»

«ሞቷል።»

አብዱሰላም ብልቃጡን አስቀመጠ። «ለሞተማ…»

«ለሞተ መድኃኒት አልጠየቅሁህም። ኮፒ ነው የምፈልገው» አለና ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ፈታው።

አብዱሰላም ስለዚህ ነገር ኮሌጅ ሳለ አንድ ክፍለ ጊዜ ተምሯል፤ ስልኩም ላይ አንብቧል። ማስረዳት ደግሞ ይወዳል። ስለዚህ አስረዳ። ከገላው ሕዋስ የሚባል ለዓይን የማይታይ ነገር ይወሰዳል፤ የሌላ ላም እንቁላል ውስጡ ባዶ ይደረግና ሕዋሱ እዚያ ይገባል፤ ከዚያ ሦስተኛ ላም ታረግዘዋለች። ጥሩ ኮርማ ሳያረጅ ማትረፍ ይቻላል፣ ሊጠፋ የደረሰ ዝርያ ማቆየት ይቻላል፣ ወተቷ የተመሰገነ ላም መድገም ይቻላል። ችግርም አለው፤ ብዙዎቹ ማህፀን ውስጥ ይጨነግፋሉ፣ አንዳንዱ ጥጃ ከልክ በላይ ገዝፎ እናቱን ያስጨንቃል፣ አንዳንዱ ተወልዶ አይቆይም።

«ጥጃ አልክ?» አለ ሙሀመድኑር። ከዚህ ሁሉ የሰማው እሱን ብቻ ነው።

«ጥጃ ነው የሚወለደው።»

«ዳለቻኮ በሬ ነው።»

«እሱም ጥጃ ነበር፣ አያ።»

ሙሀመድኑር ይህን አሰበበት። «እሺ ይሁን። ማረሱን ግን ያውቃል?»

«የለም። አዲስ ነው የሚለምደው። የለመደው ነገር አይገለበጥም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚገለበጠው?»

«መልኩ፣ አጥንቱ፣ ቁመቱ። ከጠባዩም የተወሰነው።»

«ማሽላ መውደዱስ?»

አብዱሰላም ብልቃጡን መልሶ አነሳ። «እሱ ሳይገለበጥ አይቀርም።»

ሙሀመድኑር በረጅሙ ተነፈሰ። አብዱሰላም የሰውየው ፊት ሲጠቁር አንጀቱን በላውና፣ ላጽናና ብሎ የባሰ ነገር ተናገረ። አሁን አሁን ደግሞ ከዚያም ያለፈ ጥበብ መጥቷል አለው፤ ዘረመሉን ራሱን ያርሙታል። የማይፈልጉትን ነቅሰው ያወጣሉ፣ የሚፈልጉትን ያገባሉ። ለምሳሌ ቀንድ የማያበቅል ላም አስወልደዋል።

«ቀንድ ምን አደረጋቸው?»

«እንዳይወጋጉ ነው።»

«በሬ ካልወጋ ታዲያ ምኑን በሬ ሆነ! ሰንበቴ ገበያ ቀንድ የሌለው በሬ ይዤ ብገባ የአፋር ነጋዴዎች ከበሬው ይልቅ እኔን ነው አዙረው የሚያዩኝ። ቀንዱን አትንኩ። ማሽላ የሚወድበትን ቦታ ያውጡልኝ። እሱን ብቻ።»

«ጠቢቦቹን እንጠይቃለን።»

«ጆሮው ይሆናል አይደል? በአፋር ጨው አሽቼዋለሁ። ፀሐይም አስመትቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ጨው ቆዳውን ስንት ጊዜ አቆየ፣ ጆሮውን አይጥለውም ብዬ።»

አብዱሰላም ጆሮውን አየ። ደርቆ እንደ ጫማ ገበር ሆኗል። ሕዋስ በጨው ታሽቶ ፀሐይ ሲመታው እንደማይተርፍ ለማወቅ ዲፕሎማም አያስፈልግም። ቀና ሲል ግን የሙሀመድኑርን ዓይን አየ። ምጥ የያዛት ሚስቱን በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ይመስል ነበር።

«ጥሩ አድርገዋል» አለው አብዱሰላም። «ወደ አዲስ አበባ እንልከዋለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንደራችን ወግ ሌላ ሆነ። ሰው ማንጎው ዛፍ ሥር ሲሰባሰብ ጫቱን እየቀነጠሰ ስለ ሕዋስ ያወራ ጀመር። ሁለቱ ባላንጣዎችም ይመጣሉ፤ ካልመጡ ፈሩ ይባላሉ። ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አይነጋገሩም፤ የሚነጋገሩት በሸህ ጀይሉ በኩል ነው። ሸህ ጀይሉ መሃል ተቀምጦ፣ በዚህ ጆሮው የሰማውን ለዚያ ይናገራል፣ ምንም እንኳ ያ ሰው አስቀድሞ ቢሰማም።

«ሸህ ጀይሉ፣ በሉት» አለ አንዋር፣ «በሬው ተገልብጦ ሲመጣ የማሽላዬን ካሣ የሚከፍለው ማነው? አሮጌው ነው አዲሱ?»

«ካሣውን ማን ይከፍላል ይልሃል።»

«በሉት» አለ ሙሀመድኑር፣ «አዲሱ በሬ ገና ያልተወለደ ፍጡር ነው፤ ባልተወለደ ፍጡር ላይ ክስ የለም። ደግሞ ማሽላ የሚወድበትን አስወጣዋለሁ።»

«ያስወጣዋል።»

አንዋር አንድ ቅጠል ቀነጠሰ። ቀጠለና «በሉት፣ እሱን እንኳ ደህና አስቧል። ሲያወጡ ደህና አድርገው ያውጡት። ሥሩ እንዳይቀር» አለ።

«ሥሩ እንዳይቀር ይልሃል።»

«በሉት፣ አይቀርም።»

በጠባቸው ዘመን ሁለቱ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ከባሕር ማዶ የሚሠራ ነበር።

ወጣቱ ጀሚል ግን ነገሩን በሰፊው አየው። ጀሚል በሬ የተረፈው ሰው ነው፤ በሬ ያጣ ሰው መሬት በእኩል እያረሰ ግማሹን ምርት ይወስዳል። «አያ ሙሀመድኑር» አለ፣ «ከሆነ አይቀር ለምን አስር ዳለቻ አታስገለብጥም? ኢንሻላህ መንደሩን ሁሉ ታከራያለህ።»

«አስር?» አለ ሙሀመድኑር፣ ዓይኑ በራ።

ሞተሩን አቁሞ ያዳምጥ የነበረው አብዱሰላም እዚህ ላይ ሙያው አላስቻለውም። «አደጋው እሱ ነው» አለ። «አስሩም አንድ ዓይነት ከሆኑ አንዱን የሚጥል በሽታ አስሩንም ይጥላል። የእኛ ከብት የተለያየ ስለሆነ ነው አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚተርፈው።»

«ሸህ ጀይሉ፣ በሉት» አለ አንዋር፣ «አስሩም ባንድ ጊዜ ማሽላዬ ውስጥ ይገባሉ፣ አስሩም ባንድ ጊዜ ይሞታሉ፣ እኔ አስር ጊዜ ነፍሰ ገዳይ እባላለሁ።»

«ማሽላ የሚወዱበትን አስወጣዋለሁ አልኩ አይደል!» ብሎ ሙሀመድኑር በቀጥታ ጮኸበት። ወዲያው ተሳሳትኩ ብሎ ወደ ሸህ ጀይሉ ዞረ። «በሉት።»

ሸህ ጀይሉ ነገሩ በሃይማኖት እንዴት እንደሚታይ ተጠይቆ ነበር። ብዙ አሰበና «መንታ የሚፈጥር አላህ ነው። ይኼ ዘግይቶ የመጣ መንታ ከሆነ እኔ ምን አውቄ! አላሁ አእለም» አለ። ጨምሮም «ግን አንድ በሬ እንኳ እንዲህ አስቸግሮናል» አለ።

በዚህ መሃል ዝናቡ ተመለሰ። ሸለቆው ለሰለሰ። ከዳር እስከ ዳር ጥማድ ወጣ፤ ጅራፍ ጮኸ። የሙሀመድኑርና የአንዋር መሬት ብቻ አረም ለብሶ ቆመ። አንዋር «እኔ ማሽላዬ ይበቃኛል» ይል ነበር፤ ከማሽላው ግን ከድርቁ የተረፈው አንድ ጥግ ብቻ ነው። ሙሀመድኑር ደግሞ በየቀኑ ወደ መንገዱ ያያል፣ የሞተር ድምፅ ይጠብቃል። አንድ እሁድ ሰንበቴ ወርዶ በሬ አየ፤ «ለማየት ብቻ ነው» እያለ። አንዱ ዳለቻን የሚመስል ነበር። ዋጋውን ሲሰማ ጀርባው ላይ እንከን እንዳለበት አስተዋለ።

ጀሚል መጣ። «አያ፣ መሬቱን በእኩል ስጠኝና ልዝራልህ። እርጥበቱ ካለፈ እኔም አልፈልገውም።»

የሙሀመድኑር ሀብት፣ አባቱ የተቀበረበትን ጥግ ጨምሮ፣ ያ መሬት ብቻ ነው። በገዛ መሬቱ ዳር ቆሞ ሌላ ሰው ሲያርሰው ሊያይ ነው፤ ከጤፉም ግማሹ ሊሄድበት ነው። «ትንሽ ጠብቀኝ» አለው። «ጉዳይ አለኝ።»

«የጆሮው?»

«የጆሮው።»

«የከብቶቹ ክትባት ዕለት መልስህን ንገረኝ» አለ ጀሚል። «ከዚያ አላልፍም።»

ሙሚና ያን ቀን ማታ «ጥጃው ዛሬ ቢወለድ እንኳ እስኪያርስ አራት ክረምት ነው። እስከዚያ ምን እንብላ? ጆሮውን?» አለችው።

«ሳይንስ መታገሥ ይፈልጋል።»

«ጤፉስ?»

ተነስቶ ቡሬን ሊያይ ወጣ።

በማግስቱ ሙሚና የዶሮ መድኃኒት ልትወስድ ጤና ኬላው ሄደች። አብዱሰላም ደጅ በግ እያከመ ስለነበር «ፍሪጁ ውስጥ አለልሽ፣ ራስሽ አንሺ» አላት። ከፈተች። ከብልቃጦቹ ጀርባ የምታውቀው ፌስታል፣ የምታውቀው ቋጠሮ፣ ውስጡም የምታውቀው ጆሮ አለ። ተመለከተችው። መድኃኒቷን ወሰደች፣ ፍሪጁን ዘጋች፣ «አላህ ይስጥህ ልጄ» ብላ ሄደች። ለማንም አልተናገረችም። ውሃ ልትቀዳ ቦርከና ስትወርድ ግን ትንሽ መቆየት ጀመረች። የአንዋር ሚስት ሀዲጃም በዚያው ሰሞን ውሃ ስትቀዳ ትቆይ ነበር። ባሎቻቸው ስለተኳረፉ ሁለቱም ሴቶች ተኳርፈዋል፤ እንዲህ ነበር የምናውቀው።

የአባ ሰንጋ ክትባት ዕለት ከብቱ ሁሉ ማንጎው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ሙሀመድኑር ቡሬን አመጣ። አንዋር ጉራቻን አመጣ። አንዱን ከወዲህ አሰሩት፣ ሌላውን ከወዲያ። ጀሚል መልሱን ሊሰማ ቆመ። ሙሚና ደግሞ ቀንበር ተሸክማ መጣች።

«ቀንበሩን ምን ልታደርጊው?» አላት ባሏ።

«አብደላ ያይልኝ ብዬ ነው። ሳይሰነጠቅ አልቀረም።»

አብደላ እርፍና ቀንበር የሚጠርብልን ሰው ነው፤ ላሙን ሊያስከትብ መጥቷል። ቀንበሩን ተቀብሎ ገለበጠው። «ይሄ ምንም አልሆነ።»

«ደህና አድርገህ እየው።»

ደህና አድርጎ አየው። «ወላሂ ምንም አልሆነም። ማነቆዎቹስ የታሉ?» ማነቆ ማለት በበሬው አንገት ግራና ቀኝ ወርዶ ቀንበሩን የሚይዘው እንጨት ነው፤ ያለ እሱ መጥመድ የለም።

«ቤት ቀርተዋል» አለች ሙሚና። ቀንበሩን ተቀበለችውና ከዛፉ ሥር አጋደመችው።

አብዱሰላም ዘግይቶ ደረሰ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስላደረ፣ መድኃኒቱ እንዳይበላሽ ብሎ ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዳለ ወደ በረዶ ሳጥኑ ገልብጦ ነበር የመጣው። መርፌውን ሲያዘጋጅ ሙሀመድኑር አጠገቡ ቆመ። ሰው ሁሉ ጆሮውን አቀና።

«ዶክተር፣ የእኛ ነገር ምን ደረሰ?»

«በሂደት ላይ ነው፣ አያ።»

«ሂደቱ የት ነው?»

«አዲስ አበባ።»

«አዲስ አበባ የት?»

«ላቦራቶሪ።»

«ምን አሉ?»

«እያዩት ነው» አለ አብዱሰላም፣ ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ነበር። መጀመሪያ ያገኘው ጉራቻን ነው፤ ወግቶ ለቀቀው። ቀጣዩን ክትባት ለማውጣት እጁን ሳያይ ወደ ሳጥኑ ሰደደ። ብልቃጥ መስሎት ፌስታል አወጣ። ፌስታሉ ረጥቦ ነበርና ሥሩ ተቀደደ። አመድማ ጆሮ ሣሩ ላይ ወደቀ።

ከብቶቹም ሳይቀሩ ዞረው ያዩት መሰለኝ።

ሸህ ጀይሉ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። «ማሻአላህ» አለ፣ «ፈጥኖ ነው የተመለሰው።»

አብዱሰላም የአንገቱ ሥር ቀላ። «አልላክሁትም» አለ በመጨረሻ። «የምልክበትም የለኝ። ጨውና ፀሐይ የነካው ደግሞ ሕዋሱ ያን ጊዜውኑ ሞቷል።»

«ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ ብሎዎት ነበር።»

ሙሀመድኑር ጆሮውን አነሳ። ሣሩን አራግፎ ኪሱ ከተተው። ሰው ሁሉ ወደ አንዋር አየ፤ ወሩን ሙሉ የጠበቃት ሰዓት ይህች ነች። አንዋርም ጉሮሮውን ጠረገ። «ሸህ ጀይሉ፣ በሉት…» አለ።

ሸህ ጀይሉ ጠበቀ። «ምን ልበለው?»

አንዋር ኪስ ውስጥ የገባውን ጆሮ ያየ መሰለ። «ተዉት» አለ።

ሙሀመድኑር ወደ ጀሚል ዞረ። ከመልሱ በፊት ቡሬን ላስገባ እንደሚል ሰው ሄደና፣ ክትባቱንም ሳይጠብቅ ገመዱን ፈታ፣ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ «ሂድ!» አለው።

ቡሬ ወደ ቤት አልሄደም። በሰዎቹ መሃል ቀስ ብሎ አለፈ፣ ዛፉ ሥር ቀንበሩ ወደተጋደመበት ደረሰ፣ በስተቀኙ ቆመ። እንደ ልማዱ በግራው አንድ በሬ የሚያህል ቦታ ተወ።

ጉራቻ ከተወጋ ወዲህ እዚያው ይግጥ ነበር። ቀና አለ። አንዋር «ኮቱ!» ብሎ በኦሮምኛ ጠራው፤ አልሰማውም። እየተንጎራደደ መጣና ባዶው ቦታ ውስጥ ገባ። ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። አንገታቸውን ዝቅ አደረጉና ጠበቁ።

ሙሀመድኑር አንዋርን አየው። አንዋር ሸህ ጀይሉን አየው። ሸህ ጀይሉ የሚያደርሰው መልእክት ስላልተሰጠው ሰማዩን አየ፤ ደመናው ወደ እኛ እየመጣ ነበር።

ሙሚና ወደ በሬዎቹ ሄደች። ቀንበሩን አንስታ በሁለቱም አንገት ላይ ጫነችው። እጇን ወደ ሻርፗ ሥር ሰደደች፣ ቤት ቀርተዋል ያለቻቸውን የቡሬን ማነቆዎች አወጣችና ሰካቻቸው።

የጉራቻን ማነቆዎች ለመፈለግ ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። ማነቆዎቹ ከኋላችን የቆመችው የአንዋር ሚስት ሀዲጃ እጅ ላይ ነበሩ።